ቤቴ እዚህ ነበር

መጀመሪያ የተሰማው ደወሉ ነው፤ ቃንቃ-ቃን፣ ቃንቃ-ቃን የሚል፣ ሁለት አፍ ያለው የብረት ደወል። ከየት እንደሚመጣ አይታይም። ሾርሜ ዓሣ በጭስ ከምታደርቅበት ምድጃ አጠገብ ቆማለች፤ ጭሱ መንገዱን ሸፍኖታል። ግራ ጆሮዋ ላይ ስልክ ለጥፋ ቀኙን በመዳፏ ደፍናለች። ደወሉን ሰማችው እንጂ አላዳመጠችውም። ስልኩ ውስጥ ያለችው የምክር ቤት እንደራሴው ጸሐፊ ነበረች።

«ክቡር ኦዶቴይ በሚመጣው ወር ነበር እናንተ ጋ ሊመጡ ያሰቡት» አለች ጸሐፊዋ። «ሕጉ ግን ለዓርብ ተቀጠረ። ዓርብ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጥበታል። ማክሰኞ ካልሆነ ሌላ ቀን የላቸውም። ይመቻችኋል?»

«ማክሰኞ? ማክሰኞማ ምን ይላል! ማክሰኞ ማንም ለማጥመድ ባሕር አይወጣም፣ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ከተማ ነው። ይምጡ! ይምጡልን!»

ስልኩን ዘግታ ባለችበት ዘለለች። ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ተፈናጥሮ ዓሣ መደርደሪያው ላይ አረፈ።

ሾርሜና ጓደኞቿ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፉት ለዚህ ነበር። እፍኝ የማይሞሉ ሰዎች ናቸው፤ ዓሣ ሻጭ፣ ልብስ ሰፊ፣ የትሮትሮ ሚኒባስ ወያላ፣ አንዲት አዋላጅ። ማንም አልቀጠራቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም። እሑድ እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመው ሰው ሲወጣ ይይዛሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ ገብተው ወደ እንደራሴው ቢሮ ይደውላሉ። ጸሐፊዋ «ሃሎ» ማለት ትታ «ከላንቴማን ናችሁ አይደል?» ማለት ጀምራለች። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ክቡር ኦዶቴይ ለአየር ንብረቱ ሕግ እጃቸውን እንዲያነሱ። ሕጉ አየሩን ያቆሸሸው ይክፈል ይላል፤ ክፍያው ባሕር ለሚበላቸው ከተሞች የግንብ መከላከያ ይሁን ይላል፤ ከባሕር ዳርቻ አሸዋ ዝቆ መሸጥም ይቁም ይላል። ምክር ቤቱ ለሁለት እኩል ተከፍሏል ስለሚባል፣ የአንድ ሰው እጅ ሕጉን ሊያስወድቀውም ሊያሳልፈውም ይችላል። ኦዶቴይ ደግሞ እስካሁን አዎም እምቢም አላሉ።

ላንቴማን ውስጥ ባሕሩ ሦስት ረድፍ ቤት በልቷል። አሁን ከፊት ያለው ረድፍ የሾርሜ ነው። ማዕበሉ ሲከብድ ምድጃዋ ውስጥ ውሃ ገብቶ እሳቱን ጭስስስ ያደርገዋል፤ ቤቷ ሌላ ክረምት እንደማይቆይ ታውቃለች።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ፍየል የምትዘዪው?» አለቻት ማሜ ኮርኮር፣ የባሏ እናት። በርጩማ ላይ ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች።

«ሊመጡ ነው! እንደራሴው ሊመጡ ነው ማሜ! ማክሰኞ! ድምፅ ማጉያው ተከራይቷል፣ ማርሽ ባንዱ እሺ ብሏል፣ የወጣቶቹ ከበሮ...»

ማሜ ኮርኮር ቢላዋዋን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ሾርሜ፣ ይሄ ጆሮሽ የተሠራው ጌጥ ለማንጠልጠል ብቻ ነው? ደወሉን አትሰሚም?»

ያኔ ደወል መቺው አዋጅ ነጋሪ ከጭሱ ውስጥ ወጣ። ደወሉን ሁለት ጊዜ መታና አንገቱን አስግጎ ተናገረ፤ «ካህናቱ ዘሩን ዘርተዋል! ምድር ልታርፍ ነው! ከሰኞ ጀምሮ በላንቴማን ከበሮ የለም፣ ጥሩምባ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም፣ ለቅሶም ጩኸትም የለም፣ በዓሉ እስኪደርስ! ያጠፋ በግና አረቄ ይቀጣል! ሰምታችኋል!» ከዚያ ወደ ሾርሜ ዞር ብሎ በሰላምታ ድምፅ «እንዴት አደርሽ፣ ዓሣው እንዴት ነው?» አላትና ደወሉን እየመታ አለፈ።

የሾርሜ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ዝምታው እኮ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል! ቆጥራ ነበር፤ በልቧ አስልታ ነበር። ግን ያሰላችው በእናቷ ከተማ ነው። እያንዳንዱ የጋ ሕዝብ ከተማ ከዘር በኋላ ምድሪቱ የምታርፍበት የራሱ የዝምታ ሰሞን አለው፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። እሷ ደግሞ የተወለደችው ከወንዙ ማዶ ነው።

«ልጅ ወልደሽልናል፣ ሙታችንን ቀብረሽልናል» አለች ማሜ ኮርኮር፤ ሳቋን ልትውጥ ትታገላለች። «ሆድሽ ግን አሁንም በእናትሽ ከተማ ነው የሚቆጥረው። አይ ሾርሜ! ሰውዬውን ድምፅ ስጥ ብለሽ ጠርተሽው ድምፅ በተከለከለበት ቀን!»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ኮኮናቱ ሥር ተሰበሰቡ። ላርዬ ከሁሉ ዘግይቶ መጣ፤ መምጣቱን ግን ከሁሉ በፊት ሰሙት። ወያላ ነው። በዚያ ጉሮሮው ከአክራ ገበያ እስከዚህ ድረስ መንገደኛ የሚጠራ ሰው ነው፤ በሹክሹክታ «ጨው አቀብይኝ» ቢል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው!» አለ። «አንድ በግ ነው አይደል ቅጣቱ? በጉን ገዝተን አስቀድመን እንሰጣቸዋ!»

«ጎበዝ» አለችው አዋላጇ። «የከተማውን ዝምታ ሰብረን ነዋ ከተማውን ከጎናችን የምናቆመው።»

«ቀን እንለውጥ» አለ ላርዬ።

«ዓርብ ድምፅ ይሰጣል፤ በየትኛው ቀን ነው የምትለውጠው? ቅዳሜ ይምጡና እንዴት እንደተሸነፍን ይንገሩን?»

ሾርሜ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። እንዲህ እንዳሉ ማሜ ኮርኮር ከምድጃው ጀርባ ወጣች፤ የቅርፊትና የአመድ ገንዳዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋለች። ቀሚሷን ሰብስባ ባሕሩ ውስጥ ገባች። እዚያው ዳር ላይ አልደፋችውም። ውሃው ጉልበቷን አልፎ ጭኗ እስኪደርስ ሄደች፤ ትንሽ ወደ ግራ ታጠፈች፤ እንደገና ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ ከዚያ ደፋችው።

ሾርሜ ይህን በየቀኑ ታየዋለች። ዛሬ ግን እንግዳ ሆኖ ታያት።

«ማሜ!» አለች ስትመለስ። «ለምን እዚያ ድረስ ትሄጃለሽ?»

«የት ልድፋው ታዲያ? በር ላይ?» አለች ማሜ ኮርኮር በቁጣ። «አመድ መድፊያችን እኮ ከጓሮ ነው።»

«ቅድም መንገድ ላይ የታጠፍሽውስ?»

«የዶሮ ቤቱ ነዋ።» አለችና ገንዳዋን አራግፋ ገባች።

ሾርሜ ቀስ ብላ ተነሳች። አሮጊቷ የሄደችው ባሕሩ በበላው የድሮ ቤታቸው ጓሮ ነበር። ላርዬን አየችው፤ ላርዬም አያት፣ ሐሳቧም ገባው፤ ወያላነቱ ረድቶት መሆን አለበት፣ መንገደኛ ገና ዓይኑን ሲያነሳ የት እንደሚወርድ ያውቃል።

«ሁሉም ሰው» አለች ሾርሜ። «ሁሉም ሰው ቤቱ በነበረበት ይቁም። በቃ። ንግግር የለ፣ ከበሮ የለ። ይምጡና ይዩ።»

«ወይ አምላኬ!» አለ ላርዬ፤ ሦስት ኮኮናት ላይ ያሉ ወፎች ተነሱ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ሩጫ ነበሩ። ሾርሜ የበቆሎ ኬንኬዋን ቆማ ጎርሳ፣ ግማሹን በእጇ ይዛ ከበር በር ትሮጣለች። ሰኞ ዝምታው ሲገባ ሥራው ሁሉ በሹክሹክታ ሆነ፤ ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ከተማው በሙሉ ምስጢር የያዘ መሰለ፤ በሹክሹክታ የተነገረ ነገር የማይሰማ ማን አለ? ባለፈው ዓመት በራቸውን የዘጉባቸው ሰዎች አሁን ከኋላቸው እየተከተሉ «እኔስ? የአባቴ ቤት የት ጋ እንደነበር አውቃለሁ እኮ» ይሏቸዋል። ሁለት ወንድማማቾች ግድግዳችሁ ከግድግዳችን ወዲህ ነበር ከሚሉ ጎረቤቶቻቸው ጋር ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ድንበር ተከራከሩ፤ መጮኽ ስለማይቻል በጣታቸው ተሰዳደቡ። በጣም የራቁት ቤቶች ላይ መቆም አይቻልም፤ ጥልቅ ነው። ስለዚህ ሰኞ ታንኳ ወጥቶ በእያንዳንዱ ላይ በድንጋይ የታሰረ የመረብ ተንሳፋፊ፣ ተንሳፋፊው ላይ ቀይ ጨርቅ ተተከለ።

ላርዬ ሰዉን ያለ ድምፅ መሳቅን ያለማምድ ነበር። «በአፍንጫ!» ይላል በታፈነ ድምፁ። «ደስ ሲላችሁ በአፍንጫ!»

ሰኞ ማታ ሊሆን ሲል ጸሐፊዋ ደወለች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔ ነኝ ያልኩት እንዳትይ» አለች፤ እሷ ዝምታ የሌለበት ከተማ ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። «ክቡር ፍርሃት አለባቸው። አሸዋው ነው የሚያስፈራቸው። የግማሹ ዓሣ አጥማጅ ልጅ አሸዋ ይጭናል ተብለዋል። አታ አሺቴ ከናንተ ጋ ከቆሙ እጃቸውን ያነሳሉ። ካልቆሙ ባሕር ዳሩን በሙሉ አጣለሁ ብለው ነው የሚያስቡት።»

አታ አሺቴ የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ናቸው። እሳቸው ታንኳ ካልገፉ ማንም አይገፋም። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ደግሞ በጨለማ አሸዋ ለሚጭኑት መኪኖች አካፋ ይይዛሉ፤ ይህን የማያውቅ የለም፣ የሚናገረውም የለም።

ሾርሜ መረብ መጠገኛው ዳስ ስር አገኘቻቸው። ተንበረከከች።

«አታ፣ ነገ...»

«ሰምቻለሁ። ሹክሹክታችሁ እንቅልፍ ነስቶኛል።» መርፌውን በመረቡ ቀዳዳ ሰደዱት።

«እርስዎ ከሌሉ ሰውዬው እጁን አያነሳም።»

«ካነሳስ ልጆቼ ምን ይበላሉ? ዓሣው ወዴት እንደሄደ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም። ድሮ አውቅ ነበር። አሁን ዳዊት ቢደገም መረቡ ውስጥ ላስቲክ ነው የሚገባው። ልጆቼ አካፋ ያዙ። ሕግሽ አካፋውን ይቀማቸዋል። ከዚያስ?»

«የሚዝቁት አሸዋ እኮ አታ፣ የቤትዎ...»

«ቤቴን አታንሺብኝ።»

ድምፃቸው ከፍ አላለም። ሾርሜ ግን ከተንበረከከችበት ወደኋላ ተቀመጠች። የአታ አሺቴ ቤት ባሕሩ ከወሰዳቸው ቤቶች ሁሉ ትልቁ ነበር፤ ሰማያዊ በር፣ ዝቅ ያለ ጉበን። ሌሊት ነው የሄደው፤ ከእሱ ጋር ምን እንደሄደ እሳቸው ተናግረው አያውቁም፣ እሷም ልትጠይቅ አልደፈረችም።

«አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ» አሏት ቆየት ብለው። «ዓሣሽም ጥሩ ነው። ሂጂ።»

ማክሰኞ ጧት ባሕሩ ለእነሱ ብሎ የተኛ ይመስል ነበር። ሾርሜ ከምድጃዋ ጀርባ ብቅ ብላ ወደ ውሃው አየች። ሰው፣ ሰው፣ ሰው! ቁርጭምጭሚቱ ድረስ የገባ፣ ጉልበቱ ድረስ፣ ወገቡ ድረስ፣ ደረቱ ድረስ። በረድፍ በረድፍ ቆመዋል፤ መሃላቸው ባዶ የተተወው መንገድ ደግሞ የድሮው መንገድ ነው፤ ላንቴማን ውሃ ውስጥ ተመልሳ ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ ሱቋ ውስጥ ቆማለች። የመዘምራኑ ሰዎች ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው አራት ማዕዘን ሠርተዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ከነሱ ወዲያ ቀያዮቹ ጨርቆች በማዕበሉ ላይ ከፍ ዝቅ ይላሉ። አንድ ሰው አልተነፈሰም። ዋሽንት የምታክል ድምፅ የለም፣ ከውሃው ሿሿታ በቀር።

አታ አሺቴ ግን ዳሳቸው ስር ናቸው። ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው መረብ ይጠግናሉ።

የእንደራሴው መኪና ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ሹፌሩ እንደ ልማዱ ጥሩምባ ሊነፋ እጁን ሲያነሳ ላርዬ ሮጦ ኮፈኑ ላይ ተደፋ። ሁለት እጁን አጋጥሞ ለመነው። ሹፌሩ በድንጋጤ መሪውን ለቀቀ።

ክቡር ኦዶቴይ ወረዱ፤ ወፍራም፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ በእጃቸው የታጠፈ ወረቀት የያዙ ሰው። ድምፅ ማጉያ ፈለጉ። መድረክ ፈለጉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሾርሜ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አንገቷን ሰበር አደረገች።

«ክቡር ሆይ፣ ይቅርታ፤ ዝምታ ላይ ነን» አለች በሹክሹክታ። «ንግግር የለም። ይምጡ፣ ከተማውን ላሳይዎት።»

«ከተማውን?» እሳቸውም አንሾካሾኩ። «ሰዉ ምን እያደረገ ነው እዚያ? ሊጠመቅ ነው?»

«ቤታቸው ውስጥ ናቸው፣ ክቡር።»

ዳር ድረስ ሄዱ። ሰውዬው ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ያቺ አሮጊት?»

«አማቴ ናት። ወጥ ቤቷ ውስጥ ነች።»

ማሜ ኮርኮር ውሃው ውስጥ ሆና ማማሰያዋን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው፤ እንግዳ እንደምትጠራ።

«ያኛውስ፣ ደረቱ ድረስ ያለው?»

«መኝታ ቤቱ።»

«እነዚያ ቀያዮቹ?»

«ለመቆም የሰው ቁመት አልበቃም። የመጀመሪያው ረድፍ ነው። ትምህርት ቤቱ እዚያ ነበር፣ ክቡር፤ እርስዎ ለምርጫ ሲመጡ የተናገሩበት።»

ኦዶቴይ ወረቀታቸውን አጥፈው አጥፈው የጣት ያህል አደረጉት። ማዕበል መጥቶ የሚያብረቀርቀውን ጫማ አጠበው፤ አልሸሹም።

«ዓርብ እጅዎን ያነሳሉ?» አለች።

ሰውዬው ዳር እስከ ዳር አዩ። ዓይናቸው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሄደ፣ የሚፈልጉትን አጡ። ከዚያ ወደ ዳሱ ዞሩ። ያንን የጎበጠ ጀርባ አዩት፣ ተነፈሱ።

«አታ አሺቴ እዚያ ናቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ይገባኛል እኮ፣ እህቴ። እምልልሻለሁ ይገባኛል። ግን እሳቸው ጀርባ ሰጥተው እኔ...»

አልጨረሱትም። ወደ መኪናቸው ግማሽ እርምጃ ተራመዱ። ሾርሜ የምትጮኽበት አፍ ቢኖራት ትጮህ ነበር። ላርዬ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኗል። ውሃው ውስጥ ያሉት ሁሉ አይተዋል፤ ግን ከቤቱ የወጣ የለም።

ያኔ መርፌው ወደቀ።

አታ አሺቴ ተነሱ። መረቡ ከጉልበታቸው ተንሸራተተ፤ ዘወር ብለው አላዩትም። በእንደራሴው አጠገብ አለፉ፣ በሾርሜ አጠገብ አለፉ፣ ማንንም አላዩም። በልብሳቸው ባሕሩ ውስጥ ገቡ። በሰዎቹ መሃል፣ በድሮው መንገድ፣ ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ሰዎቹ መንገድ ላይ አለመሆናቸውን እያወቁ እንኳ ጠጋ ጠጋ አሉላቸው። ውሃው ወገባቸው ደረሰ፣ ደረታቸው ደረሰ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። በእግራቸው የሆነ ነገር የሚዳብሱ ይመስል ነበር። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ባለ ጉበን ስር የሚገባ ሰው እንደሚያደርገው። አንድ እርምጃ አለፉ። ቀና አሉ። ወደ የብስ ዞረው ቆሙ።

ኦዶቴይ ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ተነሳ። በመጀመሪያ እስከ ትከሻ፣ ቀጥሎ ክንዳቸው እስኪዘረጋ፣ እስከ ላይ፤ ወረቀቷ ከጣቶቻቸው መሃል ወድቃ ማዕበሉ ወሰዳት።

«ዓርብ» አሉ። «እንዲህ።»

ደስታ ሲታፈን ምን እንደሚያደርግ ያየ አለ? ላንቴማን ፈነዳች፣ ግን ያለ ድምፅ። ሴቶቹ ነጭ መሀረብ እያወለበለቡ ውሃው ውስጥ ተሽከረከሩ። መዘምራኑ አፋቸውን ብቻ እየከፈቱ ዘመሩ። አዋላጇ ፊቷን ባሕሩ ውስጥ ደፍቃ ጮኸች፤ አረፋ ብቻ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ላርዬ የሸሚዙን ጫፍ አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ አሸዋው ላይ ተንከባለለ፤ በአፍንጫ የሚባለውን ትምህርት ራሱ ረስቶት እንባው ይወርዳል። ማሜ ኮርኮር ማማሰያዋን እንደ ጦር ሰብቃ ከወጥ ቤቷ እየጨፈረች ወጣች፤ «ግቢ እንጂ ልጄ!» አለቻት ሾርሜን ድምፅ በሌለው አፍ፤ ሾርሜም ሮጣ ገባች፣ በበሩ በኩል፣ ማቀፉን ሳትጨርስ ሳቋ አፈናት።

ከአማቷ ትከሻ በላይ አሻግራ አታ አሺቴን አየቻቸው።

ከባሕሩ እየወጡ ነበር። እንደራሴው እጃቸውን ዘርግተው ሊጨብጧቸው ቀረቡ፤ አታ አሺቴ አልጨበጡም፣ አልተቆጡምም፤ ሰው እንዳላዩ አለፉ። ዳሱ ጋ ሲደርሱ አልቆሙም። መረቡ እንደተዘረጋ ነው። ልጆቻቸው አሁን በሚኖሩበት ቤት በር ላይ ቆመው ነበር፤ በእነሱም አለፉ። ቤቱን ተሰናብቶ የልጆቹን አካፋ አሳልፎ እንደ ሰጠ ሰው፣ ወደኋላ ሳያዩ ወደ ዋናው መንገድ ወጡ።

ሾርሜ ከማሜ ኮርኮር እቅፍ ወጥታ ሮጠች። አሸዋው እግሯን ይዞ ያዘገያት ጀመር። «አታ!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከተማው ግን ዝምታ ላይ ነበር፤ ድምፅዋ ጥርሷ ጋ ደርሶ ተመለሰ።

አንድ ትሮትሮ መንገዱ ዳር ቆመ። ወያላው ወዴት እንደሚሄድ አልጠራም፤ እጁን ብቻ አሳየ። አታ አሺቴ ውሃ የሚንጠባጠበውን ልብሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው ገቡ። በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ሄደ።